ስለ አንድ ቀብር ናይሮቢ ድረስ

ከመንገዱ በፊት ስለ ቀብሩ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ምን ቆርጦኝ ኬንያ ድረስ በአውቶቡስ እንደተንገላታሁ አይገባችሁም።

ብርቅነሽ እባላለሁ፤ ሰፈሬ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። አፌ ስለማያርፍ ይመስለኛል፣ የሠራተኛ ማህበራችን ሊቀመንበር አድርገውኛል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አበበች የምትባል የካውያ ሠራተኛችን ታማ ሞተች። እኛ ፋብሪካ ውስጥ የራሳችን እድር አለን፤ ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ ስለነበር ፈቃድ ጠየቅን። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ተወካይ ላኩ አለን። ቀብር በተወካይ ይሄዳል እንዴ? ሰዓቱ ሲደርስ ዘርፌ የምትባለው ልጅ፣ መቀመጫዋ ከማብሪያው አጠገብ ስለሆነ፣ ዋናውን መብራት አጠፋች። ካውያ እንደጋለ ጥሎ የሚሄድ የለም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወጣን፣ ቀበርን፣ ድንኳን ገብተን ንፍሮ ቀመስን፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ተመለስን።

በማግስቱ ዘርፌ ብቻዋን ተባረረች። ምክንያቱ ሕገወጥ አድማ መርታለች የሚል ነው። ነገሩን ላሳጥረው፤ ግማሽ ቀን ከሥራ መቅረት ደሞዝ ያስቆርጣል እንጂ አያስባርርም፣ ያለ ማስጠንቀቂያ አድማ መምታት ግን ያስባርራል። እና የዘርፌ እንጀራ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፦ የወጣነው ለቀብር ነው ወይስ ለአድማ? ክሷን ፍርድ ቤት አቀረበች፣ እኔን ምስክር አድርጋ ቆጠረች፣ ቀጠሮ ተሰጣት። ሁለት ልጆች አሏት፣ ባል የላትም።

ፌደሬሽናችን ናይሮቢ ላይ ስብሰባ አለ ያለኝ በዚህ መሀል ነው። ለሠራተኛ መብት የሚቆሙ ድርጅቶች ከዓለም ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ የደረሰብሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እነሱ ዕቃችሁን የሚገዛውን ኩባንያ ስለሚያውቁት አንድ ቃል ቢናገሩ ዘርፌ ሥራዋ ላይ ትመለሳለች አሉኝ። ከሩቅ የሚመጡት በአውሮፕላን፣ ጎረቤት ሀገር ያለን ደግሞ በመኪና ነው። ይሁን አልኩ።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ ዘርፌ 18 ማዞሪያ ድረስ መጥታ ሸኘችኝ። ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራልኛለች። ሌላው ሰው ቢሆን አደራ፣ አትርሺኝ ምናምን ይላል። እሷ ግን ሻንጣዬን ታክሲው ላይ ጭና፣ «እትዬ ብርቄ፣ ቀብር እንደነበረ ብቻ ንገሪያቸው» አለችኝ። በአየር ጤና አድርገን ቃሊቲ መናኸሪያ እስክንደርስ ይቺን ቃል በአፌ ሳመላልሳት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ጥሩ ነው። ዝዋይን፣ ሻሸመኔን፣ ሐዋሳን አልፈን ዲላ ገባን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከቃሊቲ እስከ ዲላ ድረስ ትከሻዬን ትራስ አድርጎት ተኛ፤ ሲነቃ ደግሞ አላስተኛሽኝም ብሎ ተቀየመኝ። ያደርንበት ቤርጎ ውስጥ ባኞ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ግን የለውም፤ ያው እንደ ሰፈራችን። ባለቤቷ ከየት መጣሽ ስትለኝ ከኮልፌ አልኳት። እህቷ ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ እንደምትኖር ነግራኝ፣ በባልዲ ሙቅ ውሃ ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ። ጾም ነበርና በያይነቱ በላሁ፤ የዲላ ጎመን ከኛው ጎመን ይለሰልሳል።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ወደታች ነው። ሐገረ ማርያም ላይ ብርድ ነበር፣ ያቤሎ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሞያሌ ስንደርስ ነጠላዬም ከበደኝ። መሬቱ ቀይ ነው፣ ኩይሳው ከሰው ይረዝማል። ለኮልፌ ሰው፣ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ላደገ፣ እንዲህ ያለ ባዶ ሜዳ ያስፈራል። ይህን ያህል ባዶ መሬት እያለ የሰው ልጅ ከሰው ሥራ ለምኖ የሚኖርበት ምክንያት ምን እንደሆነ አላውቅም ብዬ አሰብኩ፤ መንገድ ሲረዝም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስባል።

ዓርብ ጧት ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። ወዲያ ማዶ መኪናው በግራ በኩል ነው የሚሄደው። ነግረውኛል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንገቴ አያውቅም። አስፋልቱን ለመሻገር ወደለመድኩት ወገን አይቼ ስገባ አንድ ፒክአፕ ከጀርባዬ ጮኸ፤ አንዲት ሴትዮ በነጠላዬ ጫፍ ጎትታ አወጣችኝ። ከናይሮቢ እስክመለስ ድረስ ሕጻን ይመስል የሰው እጅ ሳልይዝ መንገድ አልተሻገርኩም።

የኬንያው አውቶቡስ ማርሳቢት ሳንደርስ፣ ሰው በሌለበት በረሃ ላይ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማ አለ፣ ክሪክ ግን የለም። እኛ ሀገር ቢሆን ሾፌሩን ሃምሳ ሰው ይሰድበው ነበር፤ እዚያ ግን ሁሉም ዝም ብሎ ወርዶ የመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከየት እንደመጡ ያላየኋቸው አንዲት የቦረና እናት በእንጨት ጮጮ የግመል ወተት ይዘው መጡ፣ እንግዳ መሆኔን አይተው መጀመሪያ ለኔ ዘረጉልኝ። ዓርብ ነው። ዓርብ ባይሆንም የግመል ወተት እኛ ቤት አይጠጣም። እምቢ ማለት ነውር፣ መጠጣት ኃጢአት ሆነብኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ሴትየዋ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አዩ፣ ምንም ሳይሉ ጮጮውን ለሌላው ሰጥተው ሄዱ፤ ቆይተው ወተት የሌለበት ሻይ ይዘውልኝ ተመለሱ። ከጉዞዬ ሁሉ አንድ ሰው ሳልነግረው የተረዳኝ እዚያ በረሃ ላይ ብቻ ነው። ክሪክ የያዘ መኪና እስኪመጣ ድረስ እጄን ይዘው ተቀመጡ። የዚያን ቀን ናይሮቢ መግባት ስላልቻልን ኢሲዮሎ የምትባል ከተማ አደርን።

ቅዳሜ ናይሮቢ ደረስኩ። ጣቢያው ላይ ከድር የሚባል የሞያሌ ልጅ ጠበቀኝ፤ አዘጋጆቹ እንዲያስተረጉምልኝ የቀጠሩት እሱን ነው፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ጥርት ያለ ነው። ሆቴሉ ስለሞላ ሰው ቤት ታርፊያለሽ አለኝና ማማ ዋንጂሩ ወደሚባሉ ሴት ወሰደኝ። ማማ ዋንጂሩ የስፌት ሠራተኛ የነበሩ፣ ማህበር የመሩ፣ አሁን ሰልባጅ የሚነግዱ ትልቅ ሴት ናቸው። ሰፈራቸው ቆርቆሮው፣ ጭቃው፣ የሚኒባሱ ጩኸት ሁሉ ኮልፌን ነው፤ ሚኒባሶቻቸው ብቻ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተዥጎርጉረዋል፣ ዘፈናቸውም ጥርስ ያንቀጠቅጣል። በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነበር። አብጦ ጫማዬን ሞልቶታል። ማውራት ሳንጀምር ሳፋ አቅርበው፣ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ ሞልተው፣ እግሬን ነከሩልኝ።

እራት ኡጋሊ የሚሉት ነው። ገንፎ ነው በሉት፣ ግን መሀሉ ቅቤና በርበሬ የለም፤ በጎመን እየጠቀለሉ ይበሉታል። ሰዓታቸውን በስዋሂሊ ሲቆጥሩ ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ሁለት ሰዓት ማለት ለሳቸውም ለኔም አንድ ነው። ይህን ሳውቅ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ተደሰትኩ። ብቻ ከድር እንደነገረኝ ስብሰባው በፈረንጅ ሰዓት ነው።

እሑድ ከድር ባለበት ብዙ አወራን። ማማ ዋንጂሩ በወጣትነታቸው ማህበር አቋቁመው፣ ታግለው፣ ደሞዝ አስጨምረው ነበር። ድል ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ማሽኑን ነቅሎ ሄደ። ወዴት ሄደ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሻይ እየቀዱልኝ ነበር፣ መቅዳታቸውን አላቋረጡም።

«ወደ እናንተ ሀገር ነው ያሉን» አሉ፤ «ሠራተኛው አይጠይቅም፣ ርካሽ ነው ብለው።»

ከድር እንደተረጎመው ቁጭ ብሎ መሬት መሬቱን አየ። እኔም ሻዩን ማንሳት አቃተኝ። እግሬን ያጠቡት፣ አልጋቸውን ለቀውልኝ ወለል ላይ የተኙት እኚህ ሴት እንጀራቸው የሄደው ወደኔ ማሽን ነው። ይቅርታ ልበል? እኔ ምን አደረግኩ? ሳልቀጠር ብቀር ሌላዋ ትቀጠር ነበር። እሳቸው ግን ቂም የሚባል ነገር የላቸውም፣ ስኳር ጨምሪ ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ የሚነግዱትን ሰልባጅ አሳዩኝ። እኛ ፋብሪካ የምንሰፋው ዓይነት ሸሚዝ፣ ፈረንጅ ለብሶ የጣለው፣ ክምር ሆኖ ተቀምጧል። አንገትጌውን ገለበጥኩና ስፌቱን አየሁ። ደህና ስፌት ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ስብሰባው ተጀመረ። ሆቴሉ ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ የማቀዝቀዣው አየር ደግሞ የጾም ቀን ቅዳሴ ቆሜ እንደሚበርደኝ ያንቀጠቅጣል። እውነት ለመናገር ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ሥራቸውም ብዙ ነው። አንዱ ድርጅት የፋብሪካዎችን ሁኔታ ያጠናል፣ አንዱ ለተባረሩ ጠበቃ ያቆማል፣ አንዱ የማህበር መሪዎችን ያሠለጥናል፣ አንዱ ሸሚዙን የሚሸጠው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ይወጣል፣ አንዱ ደግሞ መንግሥታት ሕጉን እንዲፈርሙ ይጨቀጭቃል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። እኛ ኮልፌ ተቀምጠን ማንም የማያየን ይመስለናል፤ ለካ ስለኛ የሚሟገት ሰው በየሀገሩ አለ። ከባንግላዴሽ የመጣች አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፣ ቋንቋ አንግባባም፤ መርፌ የወጋውን አውራ ጣቷን አሳየችኝ፣ እኔም የኔን አሳየኋት። ያን ቀን ተስፋ አደረግኩ። አፍሬ አልደብቀውም፣ ዘርፌን ማሽኗ ላይ ተቀምጣ አየኋት።

ማክሰኞ ተራዬ ደረሰ። የዘርፌን ነገር ከአበበች ሕመም ጀምሬ እስከ ንፍሮው ድረስ አወራሁ፣ ከድር አንድ ሳያስቀር ተረጎመ። ቀብር ነበር አልኩ፤ እኛ ዘንድ ቀብር በተወካይ አይሄድም አልኩ፤ መብራቱ የጠፋው ካውያ እንዳያቃጥል ነው አልኩ። ስጨርስ ቆመው አጨበጨቡ፣ አንዳንዶቹ አለቀሱ። ክላራ የምትባል ልጅ፣ የአንዱ ትልቅ ድርጅት የዘመቻ ኃላፊ፣ መጥታ አቀፈችኝ። ዛሬውኑ እንረዳታለን አለችኝ። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስበው ፎቶ አነሱን፤ ሁሉም ቡጢውን ሽቅብ ሲያነሳ እኔም አነሳሁ። እጅ አንሱ ሲባል ማን አጥፎ ይቆማል?

የሚረዱበት መንገድ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ ያወጣሉ፣ ከዓለም ዙሪያ ያለ ደጋፊያቸው እዚያ ላይ አንዴ ሲነካ ደብዳቤው በቀጥታ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና ለገዢው ኩባንያ ይደርሳል። አመሻሹ ላይ ከድር ስልኩን እያየ ፊቱ ተለወጠ። ምንድን ነው አልኩት። አነበበልኝ። ቡጢ ያነሳሁበት ፎቶ ከላይ አለ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፣ ዘርፌ የምትባል ጀግና ሴት የፋብሪካውን መብራት አጥፍታ ጓደኞቿን ለሥራ ማቆም አድማ አስወጣች፣ ይህን ያሉት ደግሞ የማህበሩ ሊቀመንበር ናቸው ይላል። ቀብሩ የለም። አበበች የለችም።

ረቡዕ ጧት ከመሄዴ በፊት ክላራን ሆቴሉ በር ላይ ያዝኳት። ምን ብዬ ነበር የነገርኩሽ አልኳት። አልዋሸችም፤ ቀብር መሆኑን በደንብ ሰምታለች፣ ገብቷታልም። በነሱ ዘንድ ያ ሁሉ ሴት አንድ ላይ ማሽን አጥፍቶ ሲወጣ ከአድማ ሌላ ስም የለውም፣ ያውም የክብር ስም ነው። ለቀብር ወጡ ተብሎ ቢጻፍ ደጋፊው የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ገዢውም አይደነግጥም። ላጎላት ብዬ ነው አለችኝ። በእኛ ሀገር ይህ ቃል እንጀራዋን የሚቆርጥ ቢላ እንደሆነ ከድር ሲያስረዳት ፊቷ ነጣ። እዚያው ቆማ፣ ስልኳን አውጥታ ጽሑፉን አስተካከለች። ምን ዋጋ አለው፣ ደብዳቤው ከማታ ጀምሮ ሲዘንብ አድሯል። ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፣ እያለቀሰች ነው፣ ለኛ ብላ ነው ያደረገችው። በማን ላይ ልቆጣ?

ማማ ዋንጂሩ እስከ አውቶቡሱ ድረስ እጄን ይዘው መንገድ አሻገሩኝ። ምን እንደሆንኩ ከድር ነግሯቸዋል። የሰጡኝ ምክር የለም፤ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ፣ ደግሞ አቀፉኝ። ረቡዕ መሆኑን አልነገርኳቸውም፣ እንቁላሉን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። የመልሱን መንገድ አልተርክላችሁም። ያው መንገድ ነው፣ ያው በረሃ ነው፣ ጎማም አልፈነዳም። የሻይዋን እናት በመስኮት ፈለግኳቸው፣ የሉም። ዲላ ያቺው ባለ ቤርጎ ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ፣ እንዴት ነበር ስትለኝ ጥሩ ነበር አልኳት። ኮልፌ ስደርስ ቅዳሜ ነበር። 18 ማዞሪያ ታክሲው ሲያወርደኝ ረዳቶቹ እንደወትሮው ይጮሃሉ፣ ሰፈሩ ምንም አልሆነም።

ለዘርፌ የዚያኑ ቀን ነገርኳት። ቤቷ ሄጄ፣ ልጆቿ ውጭ ሲጫወቱ፣ ከአውቶቡሱ ጀምሬ ሳይሆን ከፎቶው ጀምሬ ነገርኳት። ቡና ላፍላልሽ አለች፣ እምቢ አልኩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ቀብር ነበር ብለሻቸዋል?»

«ብያቸዋለሁ፣ በአበበች ነፍስ።»

«እንግዲያው አንቺ ምን ታደርጊ» አለች።

ሰኞ ችሎት ቀረብን። የፋብሪካው ነገረ ፈጅ ብዙ አልደከመም፣ መረጃ ፍለጋ አልሄደም፤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ የዘነበውን ደብዳቤ አትሞ ነው የመጣው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያው ቃል አለ፣ የኔም ፎቶ አለ። ዳኛዋ ጨዋ ሴት ነበሩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ ፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት ወይ አሉኝ። ነኝ አልኩ። ስለ ቀብሩ ማውራት ጀመርኩ፣ ነጠላችንን ማዘቅዘቃችንን ሁሉ ተናገርኩ፣ ጻፉት። ጽሑፉ ተስተካክሏል ብልም መጀመሪያ የወጣው ነው ፋይሉ ውስጥ የገባው። ውሳኔው ሲነበብ ዘርፌ ቆማ ነበር፤ አድማ ነው፣ ስንብቱ ሕጋዊ ነው ተባለ። ይግባኝ አለ ይላሉ። ይግባኝ የሚል ሰው እስኪወሰንለት ድረስ ምን እንደሚበላ የሚነግር ግን የለም።

ከክላራ በከድር በኩል መልእክት ይመጣል። አዝናለች፣ ሌላ ዘመቻ እንክፈት ወይ ትላለች። ተይው በላት አልኩት። ክፉ ሰው አለመሆኗን አውቃለሁ፣ ማናቸውም ክፉ አልነበሩም፤ እኔን ተስፋ ያስቆረጠኝ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ደግ እስኪመጣ እጠብቅ ነበር።

በቀደም የመቁረጫ ክፍል ሠራተኛዋ የትዕግሥት አባት አረፉ። ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ ነበር፣ እዚሁ አስኮ። እንደ እድር አባልነቴ ሳይሆን እንደ ማህበሩ ሊቀመንበርነቴ ሴቶቹን አየኋቸው፣ እነሱም አዩኝ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ተወካይ ላኩ እንኳን አላለንም፣ ፈቃድ የጠየቀው አልነበረም። የአስከሬኑ መኪናና ተከትሎት የሚሄደው ለቀስተኛ በፋብሪካችን በር በኩል ሲያልፉ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ለቅሶው ይሰማ ነበር። ዋናው ማብሪያ አጠገብ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤ ቀና አላለችም። እኔም እጅጌ እየሰፋሁ ነበር፣ አልተነሳሁም።

ማታ ትዕግሥትን ልጠይቅ ድንኳኑ ገባሁ። ከእናንተ ፋብሪካ ሰዎች ቀብር የመጣችው ዘርፌ ብቻ ነች አሉኝ፤ ከጧት ጀምሮ ውሃ ስትቀዳ፣ ወንበር ስትደረድር እንደዋለች ነገሩኝ። እሷ ጊዜ ነበራት።